ማሰሪያና መፍቻ፦ ከጥንቷ ቤይሩት እስከ ናባዓ

በፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ከቤይሩት የተገኘች አንዲት ስስ የብር ቅጠል ተቀምጣለች። በአራተኛው ምዕት ዓመት ገደማ (እዚህ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) አንድ ድግምት ዐዋቂ ከ100 በላይ መስመር የግሪክ ጽሑፍ በሹል ነገር ጫረባትና ጠቅልሎ በነሐስ ቀሰም ውስጥ ከተታት። የተጻፈችላት ሴት አሌክሳንድራ ትባላለች፤ የዞዪ ልጅ። የአባቷ ስም የለም፤ በእናት መጥራት የዚህ ሙያ ልማድ ነበርና። ጽሑፉ በየሰማዩ ላይ የተሾሙትን መላእክት፣ ኡርኤልንና ገብርኤልን ጨምሮ፣ በየስማቸው እየጠራ አሌክሳንድራን ከጋኔን ሁሉ፣ ከሥራይና ከማሰሪያ እንዲጠብቋት ይማጸናል። ጎንደር ወይም ጎጃም ያደገ ሰው ይህን ቢሰማ ብዙም አይደንቀው። የአያቱ የአንገት ክታብ ከዚህ የራቀ ነገር አይልም።

አሌክሳንድራ ፈርታ ብር ያስጻፈችበት ማሰሪያ የሠፈሯ ሥራ ነበር። ሮማውያን ቤሪቱስ ያሏት የያኔዋ ቤይሩት ከመላው ምሥራቅ የሕግ ተማሪ የሚጎርፍባት ከተማ ናት፤ ከትምህርት ቤቱ ሲወጡ ደግሞ የሰረገላ እሽቅድምድሙ አለ። የፈረስ ሜዳው ፍርስራሽ ዛሬ ዋዲ አቡ ጀሚል በሚባለው የመሀል ከተማ ሠፈር ተገኝቷል። ደጋፊው በቀለም ተከፍሎ ሰማያዊና አረንጓዴ ይባባል ነበር። ከዚያችው ከተማ የወጣ አንድ የእርሳስ ቅጠል የሰማያዊውን ቡድን ፈረሶችና ነጂዎች በስም በስማቸው ይዘረዝርና እንዲታሰሩ፣ ጉልበታቸው እንዲዝል፣ እንዳይሮጡ ያዛል። ብሩ ለጥበቃ፣ እርሳሱ ለእርግማን ነው። ሁለቱም በኪስ ይገባሉ፤ ሁለቱም ከተጻፉ በኋላ ሌላ ጽሑፍ እስኪፈታቸው ድረስ እንደሚሠሩ ይታመናል።

በአምስተኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ግን ነገሩ ከቅጠል አልፎ ደም ሊያፈስ ነበር። ታሪኩን የነገረን ዘካርያስ የሚባል የሕግ ተማሪ ነው። የትምህርት ቤት ጓደኛው ሳዊሮስ በኋላ የአንጾኪያ ፓትርያርክ ሆነ፤ የእኛ ቤተ ክርስቲያን ሳዊሮስ ዘአንጾኪያ እያለች ቃሉን በሃይማኖተ አበው የምታነብለት እሱ ነው። ዘካርያስ የጓደኛውን ሕይወት ሲጽፍ በቤይሩት ስላጋጠማቸው ዮሐንስ ስለሚባል የግብፅ ሰው፣ የቴብስ ተወላጅ፣ ያወራል። ዮሐንስ አንዲት ሴት ወዶ እምቢ አለችው። እሷን በግድ ለማምጣት አጋንንት መሥዋዕት ይፈልጋሉ ብሎ በእኩለ ሌሊት ከግብረ አበሮቹ ጋር ወደ ፈረስ ሜዳው ወረደ። የሚታረደው ኢትዮጵያዊ ባሪያው ነበር።

ቢላዋው ሳያርፍ መንገደኞች ድንገት ደረሱ። ሰዎቹ ደነገጡ፤ ባሪያው አምልጦ ሮጠ፤ የሆነውንም ጌታውን ለሚያውቅ ሰው ነገረ። እነ ዘካርያስ ወሬው ሲደርሳቸው የዮሐንስን ቤት ሊፈትሹ ሄዱ። መጻሕፍቱን ቢፈልጉ አጡ። ያሉበትን ያሳየ ያው ባሪያ ነው፤ ጌትዮው የሚቀመጥበት ወንበር ከሥሩ ድብቅ ሳጥን ነበረው። ከውስጡ የአጋንንት ሥዕልና የባዕድ ስም የሞላባቸው መጻሕፍት ወጡ። ዮሐንስ በግንባሩ ተደፍቶ ለሕግ እንዳይሰጡት ለመነ፤ መጻሕፍቱ በእሳት ተቃጠሉ።

የዚያ ዘመን ጸሐፊዎች ኢትዮጵያዊ የሚሉት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ጥቁር ሁሉ ስለሆነ ሰውየው የአክሱም ይሁን የኖባ መለየት አይቻልም። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ዘካርያስ ጌትዮውን በስሙ፣ ግብረ አበሮቹን ከነአገራቸው ጽፏል። የእርሳሱ ቅጠል እንኳ ፈረሶቹን በየስማቸው ጠርቷል። ሊታረድ የነበረውና መጻሕፍቱን ያጋለጠው ሰው ግን ባሪያው ተብሎ ቀረ። በ551 ታላቅ የመሬት መንቀጥቀጥና የባሕር ማዕበል ከተማዋን ከነሕግ ትምህርት ቤቷ አፈረሳት።

ጥበቡ ግን በቤይሩት አልተቀበረም። ከሶርያና ከፍልስጥኤም ምድር ከዚያው ዘመን የተረፉ የነሐስ ክታቦች ላይ አንድ ፈረሰኛ የወደቀችን ሴት ጋኔን በጦር ሲወጋ ይታያል፤ አንዳንዱ ላይ ሰሎሞን ተብሎ ተጽፎበታል። ያው ፈረሰኛ በግሪኩ፣ በቅብጡና በሶርያው ትረካ ቅዱስ ሲሲኒዮስ ሆነ፤ ወደ እኛ ሲደርስ ሱስንዮስ። በግዕዙ ትረካ ሱስንዮስ ሚስት አገባ፣ ልጅ ወለደ፤ ወርዜልያ የምትባል ጋኔን መጥታ ሕፃኑን ገደለችበት። በፈረሱ ተቀምጦ ጦሩን ይዞ ወጣ፤ አገኛትና ጎኗን ወጋት። እሷም የሱስንዮስ ጸሎት ባለበት ቤት እንደማትደርስ በመላእክት ስም ማለች። በክታቡ ላይ ያለው ኃይል ይህ መሐላ ነው። ጋኔኗ የገባችው ውል በብራና ሰፍሮ በአራሷ አንገት ይታሰራል፤ ወርዜልያ ብትመጣ ፊርማዋን ታያለች ማለት ነው። የእኛ አባቶች አጋንንትን እንኳ በውል ይዘው ነበር።

መንግሥት ግን ይህን ሥራ ሁልጊዜ በበጎ ዐይን አላየውም። ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጠንቋይና አስማተኛን አጥብቆ አሳደደ፤ በስሙ የሚጠራው ጦማረ ትስብእትም የተነሣው በእነሱ ላይ ነው። ዜና መዋዕሉ እንደሚተርከው ሕዝቡ በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በእጆቹ ላይ ደግሞ ሰይጣንንና ደስክ የተባለውን ጣዖት መካዱን እንዲጽፍ ታዘዘ። ጽሑፍ በሰውነት ላይ አስሮ ጋኔን ማራቅን የከለከለ ንጉሥ ያንኑ ነገር በዐዋጅ ማድረጉ ለታዛቢ ፈገግ የሚያሰኝ ነው። ደብተራው አልጠፋም። ቀን በማኅሌት ቆሞ፣ ማታ በጓዳው ተቀምጦ መጻፉን ቀጠለ።

አሠራሩ ይህን ይመስል ነበር። በሽተኛው ወይም ቤተሰቡ በግ ወይም ፍየል ያመጣል፤ ቆዳው ይፋቅና በረጅሙ ተቆርጦ ይሰፋል። ደንበኛው ክታብ ቁመቱ የባለቤቱን ቁመት ያህላል፤ ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር ያልተሸፈነ ቦታ እንዳይኖር። በጥቁር ቀለም ጸሎቱ፣ በቀይ የቅዱሳን ስምና የባለቤቱ የክርስትና ስም ይገባል። በመሀል በመሀሉ ሥዕል አለ፤ ሰይፍ የመዘዘ መልአክ፣ ስምንት ጫፍ ያለው ኮከብ፣ ከሁሉ በላይ ግን ዐይን። ጋኔኑ በበሽተኛው ዐይን እየተመለከተ ከሥዕሉ ዐይን ጋር ሲገጥም ይደነግጣል፣ ይጮኻል፣ ይወጣል። የሰሎሞን መረብ የሚባለው ክፍል ጠቢቡ ንጉሥ አጋንንትን እንደ ዓሣ እንዴት እንዳጠመደ ይተርካል። መፍትሔ ሥራይ ደግሞ ሌላ ሰው ያሰረውን ለመፍታት ነው። ባለቤቱ ሲሞት ክታቡ ለሌላ ይተርፋል፤ ስሙ ተፍቆ አዲስ ስም ይገባበታል። በየሙዚየሙ ካሉት ብራናዎች በብዙዎቹ ላይ የተፋቀው ቦታ እስከ ዛሬ ይታያል።

ወደ ሙዚየም የሄዱት በብዙ መንገድ ነው። ከ1868ቱ የመቅደላ ዘረፋ በኋላ የእንግሊዝ ጦር መጻሕፍቱን በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ወረደ። በ1932 የፈረንሳዊው ባህል አጥኚ የማርሴል ግሪዮል ጓድ ጎንደር ላይ ለወራት ሰፍሮ ብራና ገዛ፣ ደብተራዎችን ጠየቀ። ከጓዱ አባላት አንዷ ዲቦራ ሊፍሺትዝ ናት፤ በካርኮቭ የተወለደች አይሁዳዊት፣ ግዕዝና አማርኛ ያጠናች። የሰበሰበቻቸውን የድግምት ጽሑፎች በ1940 ፓሪስ ላይ አሳተመች። በዚያው ዓመት ናዚ ፓሪስ ገባ። በ1942 ተይዛ ወደ አውሽዊትዝ ተላከች፤ አልተመለሰችም። ማሰሪያን ስለ መፍታት ያሳተመችው መጽሐፍ ከመጨረሻ ሥራዎቿ አንዱ ሆነ።

ወደ ቤይሩት እንመለስ። ከቤይሩት ወንዝ ማዶ ባለው ረግረግ፣ በቡርጅ ሐሙድ፣ ከአርመኖች ጭፍጨፋ የተረፉ ስደተኞች ሰፈሩ። ከጎኑ ያለው ናባዓ ደግሞ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ከደቡብ ሊባኖስና ከበቃዓ በፈለሱ የሺዓ ቤተሰቦችና በፍልስጥኤማውያን ተጨናነቀ፤ ኪራዩ ርካሽ፣ ፋብሪካው ቅርብ ነው። በኦገስት 1976 የክርስቲያን ሚሊሺያዎች ሠፈሩን ያዙት፤ ነዋሪው በአንድ ሰሞን ተባረረ። ጦርነቱ በ1990 ሲያበቃ ናባዓ የቀረለት ጠባብ መንገድ፣ በሽቦ የተሸፈነ ሰማይና ሰው ሳይመርጥ የሚያከራይ ክፍል ነበር።

ጦርነቱ በቆመበት ሰሞን በሌላው የዓለም ጫፍ ድግምት ወደ ካርታ ተለወጠ። ሪቻርድ ጋርፊልድ የሚባል አሜሪካዊ የሒሳብ መምህር በኦገስት 1993 ማጂክ፦ ዘ ጋዘሪንግ የተባለውን የካርታ ጨዋታ አወጣ፤ አሳታሚው በሲያትል አጠገብ ያለ ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት የተባለ ትንሽ ኩባንያ ነው። ሁለት ተጫዋቾች ጠንቋይ ሆነው ይፋለማሉ። እያንዳንዱ ካርታውን ራሱ ገዝቶ፣ ራሱ መርጦ ይዞ ይመጣል፤ ከተራው የካርታ ጨዋታ የሚለየውም፣ ኩባንያውን ያበለጸገውም ይኸው ነው። ካርታው ብዙ ዓይነት ነው። አንዳንዱ ተጥሎ ሥራውን ሠርቶ ወዲያው ይወገዳል። ኢንቻንትመንት የሚባለው የድግምት ካርታ ግን ከወረደ በኋላ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፤ ሌላ ካርታ እስኪያነሣው ድረስ የጨዋታው ሕግ ራሱ ይቀየራል። የጎንደር ደብተራ ቢያየው በአንድ ጊዜ ይገባዋል።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር የወጣው ሁለተኛው ስብስብ ከሺህ አንድ ሌሊት ተረቶች የተቀዳ ነበር። ከ78ቱ ካርታዎች አንዱ ንጉሥ ሱሌይማን ነው፤ ሥራውም ጂኒ ማጥፋት ነው። ከነሐሱ ፈረሰኛ እስከ ብራናው መረብ ያየነው ሰሎሞን ማለት ነው፤ ሥራ አልቀየረም። በዚያው ስብስብ ጂሃድ የሚባል የድግምት ካርታ ነበር፤ በመጀመሪያው ስብስብ ደግሞ የመስቀል ጦርነትን ስም የያዘ ክሩሴድ። እንግዲህ የሊባኖስን ምድር ሁለት ምዕት ዓመት ያደማውን ነገር ልጆች በሁለት ካርታ ይዘው ይጫወቱ ጀመር።

በጁን 1994 ሌጀንድስ የተባለው ስብስብ ወጣ። ከውስጡ ኢምፕሪዝን፣ እስር ማለት ነው፣ የሚባል ጥቁር የድግምት ካርታ ነበረበት። ሥዕሉ የብረት ጭንብል የተጫነበት ፊት ነው። ደንቡን ልብ ብላችሁ ስሙት። ካርታው በአንድ ፍጡር ላይ ይደረባል። የታሰረው ፍጡር ሊዋጋ ወይም ሥራውን ሊሠራ በተነሣ ቁጥር ያሰረው ተጫዋች አንድ ማና፣ ማለትም የጨዋታውን መክፈያ፣ መክፈል አለበት። ከከፈለ የታሰረው ባለበት ይቀራል። ካልከፈለ ካርታው ይጠፋል፤ የታሰረው ነጻ ይወጣል። ተጫዋቾች ብዙም አልወደዱትም፤ ሰውን አስሮ ማቆየት ወጪው ይበዛል።

በእነዚያው ዓመታት ኢትዮጵያውያን ሴቶች ወደ ሊባኖስ መጉረፍ ጀመሩ። የመጡት ለቤት ሠራተኝነት ነው። የሊባኖስ የሥራ ሕግ በ1946 ሲወጣ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከጥበቃው አውጥቷት ነበር፤ ስለዚህ የያዛት ሌላ ነገር ሆነ፤ ከፋላ የሚሉት የዋስ ሥርዓት። ካፊሉ፣ ማለትም ዋስ የሚሆናት አሠሪ፣ ለአስመጪ ቢሮው ገንዘብ ይከፍላል፤ ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ በእሱ ስም ይወጣል፤ ፓስፖርቷን ብዙውን ጊዜ የቤቱ እመቤት፣ ማዳም የሚሏት፣ በመሳቢያ ትቆልፍባታለች። ያለ ካፊሉ ፈቃድ ከቤት ከወጣች በዚያች ሰዓት ሕገወጥ ትሆናለች። ደመወዙ በአብዛኛው በወር ከ150 እስከ 200 ዶላር ነበር፤ ሲከፈል።

ከቤት የወጡት ወደ ናባዓ፣ ወደ ቡርጅ ሐሙድና ወደ ዶራ ወረዱ። ክፍል ለአራት ለአምስት ሆነው ይከራያሉ፤ በሰዓት የሚከፈል ጽዳት ይሠራሉ። እሑድ ሲሆን በዙሪያው ሽሮና በርበሬ የሚሸጥ ሱቅ፣ እንጀራ የሚያቀርብ ቤት፣ ጠጉር ሠሪ አይጠፋም። በ2008 የኢትዮጵያ መንግሥት ወደ ሊባኖስ የሥራ ጉዞ ከለከለ። ክልከላው ማንንም አላስቀረም፤ ደላላው መንገዱን በሌላ አገር አዞረና ዋጋውን ጨመረ። በ2017 በዚያው ያሉ ኢትዮጵያውያን እኛ ለእኛ በስደት የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ሊባኖስ ውስጥ ከነበሩት ወደ 250,000 ከሚገመቱ ስደተኛ የቤት ሠራተኞች አብዛኞቹ የእኛ አገር ሴቶች ነበሩ።

በ2019 መጨረሻ የሊባኖስ ባንኮች ደጃቸውን ዘጉ። በመንግሥት ተመን አንድ ዶላር 1,507 ሊራ ገደማ ነበር፤ በጁላይ 2020 መጀመሪያ በጥቁር ገበያ ከ8,000 አለፈ። ኮሮናም ተጨመረ። ካፊሉ ዶላሩን መክፈል አቃተው። በካርታው ደንብ ቢሆን ማሰሪያው በዚህ ቅጽበት ይበጠስ ነበር። በቤይሩት የሆነው ግን ከዚያ የከፋ ነው። በሜይ መጨረሻና በጁን አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን በመኪና እያመጡ በሐዝሚዬ በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ ከነሻንጣቸው ይጥሏቸው ጀመር፤ አንዳንዷ ሻንጣም የላትም። የወራት ደመወዝ ቀርቶባቸዋል፤ ፓስፖርታቸው ከማዳም ጋር ነው። አውሮፕላን ማረፊያው ተዘግቷል። በእግረኛ መንገዱ ላይ ፍራሽ ዘርግተው አደሩ። ማሰሪያው ሳይፈታ አሳሪው ሄደ፤ እንዲህ ያለውን ነገር ጋርፊልድም ደብተራውም በደንባቸው አላሰቡትም።

በዚያው ሰሞን፣ ጁን 10 ቀን 2020፣ ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት ሰባት ካርታዎችን ከውድድር አገደ፤ ሥዕላቸውንም ከራሱ የካርታ መዝገብ አነሣ። ጆርጅ ፍሎይድ በሚኒያፖሊስ በፖሊስ ጉልበት ከተገደለ ገና ሦስት ሳምንት አልሞላውም፤ አሜሪካ በሰልፍ ትናጣለች። ኩባንያው ካርታዎቹ ዘረኛ ወይም ባህልን የሚያዋርዱ ናቸው አለ። ከሰባቱ አራቱ የድግምት ካርታዎች ናቸው፤ ጂሃድ፣ ክሩሴድ፣ ኢንቮክ ፕሬጁዲስ የተባለው ባለ ቆብ ሰዎች ሥዕልና ኢምፕሪዝን። የብረት ጭንብሉ 26 ዓመት በየሰዉ መሳቢያ ቆይቶ በአንድ ቀን ነውር ሆነ። ሰብሳቢዎች ግን አልተሳሳቱም፤ ክልከላው እንደተሰማ የካርታዎቹ ዋጋ ወደ ላይ ወጣ።

እርምጃው መልካም ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን ያን ሳምንት በሐዝሚዬ አስፋልት ላይ ለተኙት ሴቶች ከዚያ ካርታ ይልቅ በማዳም መሳቢያ ውስጥ ያለችው ትንሽ ደብተር ትበልጥ ነበር። ደብተሯን የሚያስፈታ መፍትሔ ሥራይ የሚጽፍላቸው አልተገኘም። እኛ ለእኛ ቤት ኪራይ፣ ዘይትና ሩዝ እያሰባሰበ አከፋፈለ። ኦገስት 4 ወደቡ ፈነዳ፤ ቡርጅ ሐሙድና ናባዓም መስታወታቸው ረገፈ።

ሴፕቴምበር 8 ቀን 2020 የሊባኖስ የሥራ ሚኒስቴር አዲስ ወጥ የሥራ ውል አጸደቀ። የቤት ሠራተኛዋ ፓስፖርቷን ራሷ ትይዛለች፤ ሳምንታዊ ዕረፍት ይኖራታል፤ ያለ አሠሪዋ ፈቃድ ሥራዋን ለቃ መውጣት ትችላለች ይላል። የሠራተኛ አስመጪ ቢሮዎች ማኅበር ጥቅማችን ተነካ ብሎ ለአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት፣ ለሹራ ምክር ቤት፣ አቤት አለ። ምክር ቤቱ ኦክቶበር 14 ውሉን አገደው። የ1946ቱ አንቀጽ 7 በቦታው ተቀመጠ።